ሳይጠይቁ መጠበቅ



ከመካከላችን ከስሜን፣ ከወገራና ከጠገዴ የመጡ ሽማግሌዎች ቀይ ቀበሮን በዓይናቸው ያዩ ወይም ካዩት የሰሙ ናቸው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ዛሬ የቀረውም ቢቆጠር 500 ያህል ቢሆን ነው። በ2020፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በስሜን ተራሮች አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ በጥይት እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። አንስተው፣ መጠለያ ሠርተው፣ ሐኪም አቁመው ከአንድ ወር ተኩል በላይ አስታመሙት። ስሙንም ተረፈ አሉት። ሲድን ለቀቁት፤ ነገር ግን አንገቱን ባዶ አድርገው አልለቀቁትም። ያለበትን ቦታ በሳተላይት የሚናገር ቀላል ቀበቶ አሰሩለትና የሄደበትን ሁሉ ተከታተሉ። ከጊዜ በኋላም ተረፈ ተጓዳኝ አግኝቶ ግልገሎች መውለዱ ተሰማ።

ደስ የሚል ወሬ ነው። እኛን ያሳሰበን ግን ቀበቶው ነው። አንድን ፍጡር ለራሱ ደኅንነት ሲባል፣ ሳይጠይቁት፣ ቀንና ሌሊት መከታተል ተገቢ ነው ወይ? ጥያቄው የቀበሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ላይ ባላነሣነው።

አስቀድመን አሠራሩን እንንገራችሁ። የቆየው ዘዴ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሠራበት ነው። በቀበቶው ላይ ያለችው ትንሽ ማሰራጫ ጢት፣ ጢት የሚል የሬዲዮ ምልክት ትልካለች፤ ለእያንዳንዱ እንስሳ የራሱ ሞገድ ይመደብለታል። ተመራማሪው ኮረብታ ላይ ወጥቶ አንቴናውን በእጁ እያዞረ ድምፁ ከየት በኩል እንደሚበረታ ይሰማል፣ አቅጣጫውንም ካርታ ላይ ያሰምራል። ከዚያ ሌላ ቦታ ሄዶ እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱ መሥመሮች የተቋረጡበት ቦታ እንስሳው ያለበት ነው። አንዳንዱ ማሰራጫ ደግሞ እንስሳው ለብዙ ሰዓት ካልተንቀሳቀሰ ጢት ጢቱን ያፈጥናል። ተመራማሪው ያን ጊዜ ወይ እንስሳው ሞቷል ወይ ቀበቶው ወልቋል ብሎ ይገሰግሳል።

በዚህ ዓይነት ክትትል የተገኘው ጥቅም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በባሌ ተራሮች የውሻ በሽታ፣ ማለትም ሬቢስ፣ ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ ፈጅቷል፤ በ1991 እና በ1992፣ እንደገናም በ2003። በሽታው ከእረኞች ውሾች የሚመጣ ነው። የትኛው መንጋ የት እንደሚውል፣ ከየትኛው ጋር እንደሚጎራበት ባይታወቅ ኖሮ በ2003 ማብቂያ ላይ ለቀበሮዎቹ ክትባት መስጠት በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር በሆነ ነበር።

እዚህ አገርም የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን ነሸር በሚባለው ትልቅ አሞራ ጀርባ ላይ ማሰራጫ ያስራል። ነሸር በኦሪት ንስር እያልን ስናከብረው የኖርነው ነው፤ ወፉን ስታዩት ግን፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ አገር ቤት ጥንብ አንሳ እያልን በድንጋይ የምናባርረው ዘመዱ ነው። መርዝ የበላ ሬሳ ላይ አርፎ ሳይነሣ ሲቀር ጠባቂዎቹ በማሰራጫው ያውቃሉ፣ ደርሰውም ሌሎቹን ለማዳን ይሞክራሉ። ይኸው ማሰራጫ ግን በ2011 አንዱን አሞራ ጣጣ ውስጥ ከተተው። ሳውዲ አረቢያ ገብቶ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ስም የተጻፈበት ዕቃ ይዞ በመገኘቱ ሰላይ ነው ተባለ! በመጨረሻ አንድ የሳውዲ ልዑል ነገሩ የምርምር መሣሪያ መሆኑን ገልጠው ወፉ እንዲለቀቅ ሆነ።

ይህ የሚያስቅ ነው። የሚከተለው ግን አያስቅም። በ2013 ሕንድ ውስጥ፣ በፓና የነብሮች ክልል፣ የአንድ ነብር ቀበቶ የሚልከውን የቦታ መረጃ የሚቀበለውን የኢሜይል ሣጥን ሌላ ሰው ሊከፍት ሞከረ። ሙከራው ተደረሰበትና ከሸፈ። ነገር ግን ነብሩን ለመጠበቅ የታሰረው ቀበቶ በአዳኝ እጅ ቢገባ መንገድ መሪ ይሆን እንደነበረ ግልጽ ነው። እንግዲህ የተከታዩ ልብ ቅን መሆኑ ብቻ አይበቃም። ወሬው የት ይቀመጣል? ማንስ ያየዋል?

እኛ እናንተ ኦቬድ ሶሲያሊ የምትሉን በሮቫ ቫቭ ቤት ለቤት ስንሄድ ይህን ጥያቄ በሁለት መልክ እናገኘዋለን። አንዳንድ እናቶች ስለ ቤታቸው የተጻፈ ቲክ አለ ሲባል ሰውነታቸው ይሸማቀቃል። እውነት አላቸው። ማን እንደ ጻፈው፣ ምን እንዳለበት ያልተነገረው ሰው በአንገቱ ያልመረጠው ቀበቶ እንዳለ ቢሰማው አይፈረድበትም። ስለዚህ በዚህ አገር በ1981 የወጣው የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ ሰው ስለ ራሱ በመረጃ ቋት የተያዘውን ለማየት እንዲጠይቅ መብት እንደሰጠው፣ የተወሰኑ ገደቦች ቢኖሩበትም፣ እወቁልን። ጠይቁን፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ሁለተኛው መልክ በእጃችን ባለው ስልክ ነው። ብዙ ወላጆች ልጁ የት እንዳለ የሚያሳይ ፕሮግራም በልጁ ስልክ ላይ ይጭናሉ። አገር ቤት ልጅ ከብት ይዞ ሲወጣ የሚያየው ጎረቤት ሁሉ ጠባቂው ነበር፤ እዚህ ጎረቤቱ ስሙን እንኳ ስለማያውቀው ወላጅ ቢጨነቅ አንወቅሰውም። ለ9 ዓመት ልጅ ይህን መቃወም አይታየንም። የ15 ዓመቱን ልጅ ሳይነግሩ መከታተል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን በግልጽ እንቃወማለን። ቀበሮውን ቢጠይቁት አይመልስም፣ ልጁ ግን ይመልሳል። ሊመልስ የሚችለውን ሰው አለመጠየቅ መልሱን መፍራት ነው።

ደግሞም ስልኩ ላይ ያለው ነጥብ የሚናገረው ጥቂት ነው። ነጥቡ ትምህርት ቤት ቆሟል፤ ልጁ ግን በመልኩ ተሰድቦ ጥግ ይዞ ይሆናል። ማሰራጫው እንስሳው የት እንዳለና መንቀሳቀሱን እንጂ መራቡን አይነግርም፤ ተመራማሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ ተራራ ወጥተው በመነጽር ይመለከታሉ። ደግሞም ከባድ ቀበቶ አያስሩም፤ ከእንስሳው ክብደት ጥቂት በመቶ ብቻ ይፈቅዳሉ። ብዙው ዘመናዊ ቀበቶ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ተከፍቶ እንዲወድቅ ተደርጎ ይሠራል።

የሚጠፉብን አረጋውያን ጉዳይ ይከብዳል። አባት መርሳት ሲጀምሩ፣ ገና ሲያስተውሉ ሳሉ፣ «አባባ፣ መንገድ ቢጠፋብዎ እንድናገኝዎ ይህን እጅዎ ላይ እንሠር?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከዘገየ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም፤ ቤተሰቡ ራሱ መወሰን አለበት። የልጆቹን ነገር በወላጆች ስብሰባ ላይ ስናነሣ ግን አንዲት እናት እንዲህ አሉ፦ «እኔ ከልጄ ጋር ተነጋግሬአለሁ። 16 ሲሞላው ይነሣል። እስከዚያ እሱም የእኔን ያያል።» አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ አንድ አባት ስልካቸውን አውጥተው፣ «ይህ እንዴት ነው የሚነሣው?» ብለው ጠየቁ።