የእጅ ጉባኤ

አዲስ ሐሳብ የሚፈልቀው ከእግዚአብሔር ከተሰጠ ጸጋ ነው ወይስ ሰው ከሚማርበት ቤት? የቅኔ ቤታችን ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምስክር ነው። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና በዘአምላኪዬ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ እያለፈ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ በጉባኤ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ ሳይመታ፣ ምሥጢሩ ሳይሰምር ሲቀር ያርመዋል። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ሕግ ፈጠራን ያፍናል የሚልን ሰው ይህ ቤት ይሞግተዋል፤ ልኩ የቤቱን ቁጥር ይወስናል እንጂ ሰሙና ወርቁ ምን እንደሚሆን አይወስንምና። እንዲያውም ልኩ ስለሚታወቅ ነው መምህሩ አዲሱን ምሥጢር ለይቶ የሚያደንቀው።

ይኸው ኅብረተሰብ ግን በአንደበት የሚፈጥረውን ሲያከብር በእጁ የሚፈጥረውን አዋርዷል። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ተብለዋል። የንጉሥ ድጋፍም ይህን አልለወጠም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት በአውሮፓውያን ሚስዮናውያን ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተው እስከ መቅደላ አስጎተቱ፤ በ1860 ዓ.ም. እሳቸው ሲያልፉ ግን ሥራውም አብሮ ቆመ። የአንድ ንጉሥ ፍላጎት፣ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ የጉባኤን ቦታ አይተካም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ራሱ ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያሳያል።

«እውነተኛ ተሰጥኦ ያለው ሰው መንገዱን ሰብሮ ይወጣል፤ ጠይቡስ ተንቆም ቢሆን ማረሻውን መሥራት መቼ ተወ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ሙያው አልጠፋም። ነገር ግን የተናቀ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ በቤተሰብ ውስጥ ብቻ ይተላለፋል፤ የቅኔ ተማሪ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው እየዞረ እንደሚበለጽግ፣ ቀጥቃጩ ብልሃቱን ከማያውቀው ባለሙያ ጋር አያፋጭም፤ የሚያርመው፣ የሚበልጠው፣ የሚያደንቀውም አያገኝም። ስለዚህ ሙያው ይኖራል እንጂ አያድግም።

ይህ ንቀት በሃይማኖትም ሚዛን አይጸናም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞላ የተባለው ባስልኤል ወርቅ፣ ብርና ናስ የሚሠራ የእጅ ባለሙያ ነው። የእጅ ጥበብም እንደ አንደበት ጥበብ ከላይ የሚሰጥ ከሆነ፣ የእጅ ባለሙያን መስደብ ሰጪውን መስደብ ነው። ጸጋን ማደል የፈጣሪ ሥራ ነው፤ ጉባኤ መዘርጋት ግን የእኛ ዕዳ ነው። የሙያ ትምህርት ቤቶቻችንም የወደቀ ተማሪ መጣያ መሆናቸው ቀርቶ፣ በየጊዜው አዲስ ሥራ የሚጠየቅባቸው፣ ሥራው በአደባባይ የሚታረምባቸውና ባለሙያው እንደ ቅኔ መምህር የሚከበርባቸው ቤቶች ሊሆኑ ይገባል።