አሮጌው መኪናችንና የባልንጀራችን ነፍስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምናነሣው ብዙዎቻችን የጋራዥ ጉዳይ ብቻ አድርገን የምናየውን፣ ነገር ግን የነፍስ ጥያቄ ያለበትን ነገር ነው። ይኸውም ያረጀ መኪና ይዞ መንዳት፣ በተለይም በመካከላችን የተለመደው አሮጌው ላንድክሩዘር።

ይህ መኪና ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቶዮታ የመጀመሪያውን በ1951 እ.ኤ.አ. ሠርቶ፣ ከ1954 ጀምሮ ላንድክሩዘር ብሎ ሰይሞታል። በአገራችን አስፋልት በማይደርስበት ገጠር ሐኪም፣ ክትባትና የእርዳታ እህል ይዞ ሲገባ እያየን ያደግን ብዙዎች ነን። እዚህ በዓረብ አገርም የአሸዋ መኪና እርሱ ነው፤ በ1990ዎቹ የተሠራው ዛሬም ይነዳል። ወንድሞቻችን ለብቻቸውም ሆነ አዋጥተው መኪና ሲገዙ፣ ዋጋው ከአዲሱ እጅግ ያነሰውን፣ 7 ወይም 8 ሰው የሚይዘውን ይህንኑ ቢመርጡ አያስደንቅም።

አስቀድመን የሚመሰገነውን እናመስግን። አሮጌ መኪና መንዳት ነውር አይደለም። እናት በአገር ቤት የመድኃኒት ገንዘብ እየጠበቀች፣ ለሰው ዓይን ሲባል ከባንክ ተበድሮ አዲስ መኪና ከመግዛት፣ ቀለሙ በለቀቀው መሄድ ይሻላል። ወንበሩ ቢቀደድ፣ መስኮቱ በእጅ ቢወርድ፣ ከክብራችን የሚጎድል የለም። ባለን ነገር ረክቶ መኖር አባቶቻችን ያስተማሩን በጎ ምግባር ነው።

ጥያቄው ከዚህ በኋላ ይመጣል። ትዕግሥት የሚያልቀው፣ ቸልተኝነት የሚጀምረው የቱ ላይ ነው? ሁለቱ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም «ይቆይ፣ ገና ይሠራል» ይላሉ። መለያቸው አንድ ነው፤ የጉድለቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ማቀዝቀዣው ቢበላሽ በላብ እንጠመቃለን። ነዳጅ ቢያበዛ ከኪሳችን ይወጣል። ይህ የራሳችን መስቀል ነው፤ ብንታገሠው ትዕግሥት ይባላል። የፍሬኑ ሸራ ማለቁን እያወቅን «እስከ ደመወዝ ይደርሳል» ያልን እንደ ሆነ ግን፣ የቆጠብነው ከኪሳችን አይደለም፤ ከኋላችን ከተቀመጠችው እኅት አጥንትና መንገድ ከሚሻገረው ሰው ነፍስ ነው።

ስለዚህ ነገር በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 የተሠራውን ሕግ እናስታውስ። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል፣ ባለቤቱ የበሬውን ጠባይ ካላወቀ ንጹሕ ነው። ነገር ግን በሬው አስቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር፣ ደሙ በባለቤቱ ላይ ይሆናል። ሁለቱን ባለቤቶች የለያቸው ማወቃቸው ነው። ዛሬ መካኒኩ «ይህን ጎማ ቀይር» ብሎ የነገረው ሰው፣ በሬው ተዋጊ መሆኑ እንደ ተነገረው ሰው ነው።

በየዓመቱ የምናሳድሰው ሙልኪያ በዓረብኛ ባለቤትነት ማለት ነው። በግእዛችን ገዛ፣ ያዘ ማለት ከሆነው መለከ ከሚለው ግስ ጋር አንድ ሥር አለው፤ አምላክ የሚለውም ስም የሚወጣው ከዚያው ነው። እንግዲህ ባለቤት መሆን ሲያሰኘን መሸጥ መለወጥ ብቻ አይደለም። በእጃችን ስላለው ነገር መጠየቅም ነው። መንግሥት በምርመራ ይጠይቀናል። አንዳንዱ ለምርመራው ቀን ደህና ጎማ ተውሶ ያሳልፍና ማታውኑ ያወልቀዋል። መርማሪውን አታለለ፤ መንገዱን ግን ማን ያታልለዋል?

የዚህ አገር ፀሐይ ጎማን ጥርሱ ሳያልቅ ያደርቀዋል። በጎማው ጎን 4 አኃዝ ተጽፏል፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱን በዓይን ማየት አይበቃም፤ ዕድሜውንም እናንብብ። በረሃ ውስጥ ባለ እርሻ የሚሠሩ ወንድሞችን ለማምጣት አሸዋ የሚገባ ሰው የጎማውን ነፋስ ከ35 ወደ 15 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይቀንሳል። ወደ አስፋልት ሲመለስ ሳይሞላ ቢፈጥን ግን ጎማው ግሎ ይፈነዳል። መኪናው ከባድና ጠንካራ ስለሆነ የሚያድነን ይመስለናል፤ ነገር ግን ከፍ ብሎ የተሠራ ነውና መሪው በድንገት ሲጠመዘዝ ከትንሹ መኪና ይልቅ ለመገልበጥ ይቀርባል። ፍጥነትንም ከ60 ወደ 120 ስናሳድግ ለማቆም ፍሬኑ ላይ የሚወድቀው ሥራ እጥፍ አይሆንም፤ 4 እጥፍ ይሆናል።

በመካከላችን ያለውን አንድ ነገር በተለይ እናስብ። በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ዕረፍት የሚያገኙት በሳምንት፣ አንዳንዶቹም በወር አንድ ቀን ነው። ለቅዳሴ የሚመጡት ወንድም በነጻ ስለሚያመጣቸው ነው። በነጻ የተሳፈረ ሰው «ፍሬኑ እንዴት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። «ቀስ በል» ማለትም ያፍራል። «ሌላ ጊዜ አይወስደኝም» ብሎ ይፈራል። ታክሲ የከፈለ ሰው ይቆጣል፤ ውለታ የተቀበለ ሰው ዝም ይላል። ስለዚህ ውለታው በበዛ ቁጥር የባለ መኪናው ኃላፊነት ይከብዳል። እርስዋ መጠየቅ ያልቻለችውን እርሱ ስለ እርስዋ ሆኖ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። ቸርነቱ እውነተኛ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

«በጸሎት እንነሣለን፤ ሥዕለ ማርያምም መስታወቱ ላይ አለ» የሚል ይኖራል። ጸሎቱንስ አንተው። ነገር ግን ጌታችን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲባል እንቢ ማለቱን እናውቃለን። ሊሠራ የሚቻለውን ትቶ ተአምር መጠበቅ እምነት አይደለም፤ መፈታተን ነው። መስታወቱ ላይ ያለው ሥዕልም እያወቅን ዝም ላልነው ነገር ምስክር ይሆንብናል።

እንዲሁም መጠገኑ ካቃተንና ልንሸጠው ከወሰንን፣ ሻሲው መዛጉን ወይም ፍሬኑ መድከሙን ለገዢው እንንገረው። ነውሩን ሸፍኖ መሸጥ ተዋጊውን በሬ ከእኛ ግቢ አውጥቶ በጎረቤት በር ማሰር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሸክሙ የባለ መኪናው ብቻ አይሁን። የምንሳፈር ሁላችን ከቡና ዋጋችን ቀንሰን የጎማና የፍሬን ሙዳይ እናኑር፤ ያዋጣ ሰው ለመጠየቅም አፍ ያገኛል። ከቀበቶው ቁጥር በላይ ሰው አንጫን፤ ሁለት ጊዜ መመላለስ ይሻላል። ሹፌሩ ሌሊት ሲሠራ አድሮ ከመጣ እንቅልፍ ያለበት ዓይን ከደከመ ፍሬን አይሻልምና ሌላ ሰው ይንዳ። «ዛሬ መኪናው ደህና ስላልሆነ አልወስዳችሁም» የሚልን ወንድም አንቀየመው፤ ይልቁን እናመስግነው። ያን ዕለት ቅዳሴ ቢያመልጠን በቤታችን እንጸልያለን፤ አምላካችንም የቀረንበትን ምክንያት ያውቃል።

አሮጌ መሆን በደል አይደለም፤ እኛም እናረጃለን። ያረጀውን በጥንቃቄ ይዞ ብዙዎችን በሰላም ማመላለስ ታላቅ አገልግሎት ነው። ዛሬ ማታ መኪና ያለን ሁሉ ወርደን በባትሪ ብርሃን ጎማውን እንይ፣ የፍሬኑን ዘይት እንመልከት፤ ከዚያም ነገ ከጎናችን የሚቀመጠውን ሰው እናስብ።

የመንገዳችን ጠባቂ እግዚአብሔር ወጥተን በሰላም እንድንገባ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።