ምላሱ የእሱ ነው፤ ጆሮው የማን ነው?



ባለፈው ከጁምዓ ሶላት ስንወጣ አንድ ወጣት ስልኩን ዘርግቶ «ኡስታዝ፣ ይህን ይስሙልኝ» አለኝ። አንድ ፖለቲከኛ ስለ አንድ ብሔር ይናገራል። ወጣቱ እየሰማ ፈገግ ይል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከንግግሩ ይልቅ ፈገግታው አስጨነቀኝ።

እስቲ ወደ ሚያዝያ 1997 ልመልሳችሁ። ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ አዲሱ ለገሰ በምርጫ ክርክር ላይ ተቃዋሚዎችን ከኢንተርሃምዌ ጋር አመሳሰሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም በጋዜጣዊ መግለጫ ያንኑ ደገሙት። ከተቃዋሚዎች በኩል ደግሞ ያን የመሰለ ከባድ ንጽጽር በመንግሥት ላይ ተወረወረ።

ኢንተርሃምዌ እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳው እልቂት ግንባር ቀደም የነበረ ሚሊሻ ነው። በ100 ቀናት ገደማ 800 ሺህ ያህል ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ቱትሲዎች ነበሩ።

እኔ ያኔ ደብረ ማርቆስ ተማሪ ነበርኩ። ሬዲዮ ከበው የሚሰሙት ትልልቅ ሰዎች የእነሱ ወገን ያን የመሰለ ቃል ሲናገር «እውነቱን ነው!» ይላሉ። ሌላው ወገን ሲናገረው «ዘረኛ!» ይላሉ። የቃሉ መርዝ ግን አንድ ነበር።

ሁሉም ተናጋሪ «እያስጠነቀቅኩ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ከበደል ማስጠንቀቅ ደግሞ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ጎረቤትህን የነገ ገዳይህ አድርጎ ካሳየህ፣ ከስድብ ይከፋል። ስድብን ሰው ያፍርበታል፤ ፍርሃት ግን ብልህነት ይመስላል።

«እኔ ሰጋጅ ነኝ፣ ይህ አይነካኝም» የምትሉ ካላችሁ አቡ ዘርን (ረ.ዐ) አስታውሱ። ከቀደምት ሰሓቦች አንዱ ናቸው። አንድ ቀን ተቆጥተው አንድን ሰው ዐረብ ባልሆነች እናቱ ሰደቡት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) «ሰውየው ምን አድርጎህ ነው?» ብለው አልጠየቁም፤ ገና የጃሂሊያ ባሕርይ እንዳለባቸው ነገሯቸው። እንዲህ ያለ ሰው ውስጥ ጃሂሊያ ከተገኘ፣ እኔና እናንተ በምን ተማመንን?

አቡ ዘርም ትምህርቱን ተቀበሉ። ከዓመታት በኋላ ያገኛቸው ሰው እሳቸውና አገልጋያቸው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው አያቸው። ተውበታቸው በልብሳቸው ላይ ይታይ ነበር።

እኛ የጎጃም ሙስሊሞች ልብስን እናውቃለን። አያቶቻችን ርስት ተነፍገው በሽመናና በንግድ ኖረዋል። የሠሩትን ሸማ አገሩ ሁሉ ለብሶ፣ እነሱን «አገር የላችሁም» ይላቸው ነበር። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉም «እነሱ» ተብሎ መቆጠር ምን እንደሆነ ዓይተናል። ታዲያ «እነሱ» የሚለው ቃል በሌላ ሰው ላይ ሲወድቅ ከእኛ በላይ ሊያመው የሚገባ ማን ነበር?

ሐበሻዊው ቢላል (ረ.ዐ) የእኛ ነው ብለን እንኮራለን። ግን ከመተከል የመጣን የጉሙዝ ልጅ በጥቁረቱ «ባሪያ» ሲሉት ሰምተን ስቀን የምናልፍ የለንም? ቢላልን መውደድ እዚያ ጋ ነው የሚፈተነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ንግግር ስልካችሁ ላይ ሲመጣ (መምጣቱ አይቀርም) ከማጋራታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የብሔሩን ስም አውጡና የራሳችሁን አስገቡበት። ያመማችሁ እንደሆነ፣ ሌላውንም ያመዋል። ሁለተኛ፣ ልባችሁን «ምኑ ነው ደስ ያለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ተናጋሪው ስለ ምላሱ ይጠየቃል። ስለ ጆሯችንና ስለ ልባችን የምንጠየቀው እኛ ነን።

ያ ወጣት ቪዲዮውን አጠፋው። ምን እንዳሰበ አልጠየቅኩትም። ቤቴ ስገባ ግን የራሴን ስልክ ከፍቼ፣ ከዚህ በፊት ያጋራሁትን ፈተሽኩ። ያጠፋሁት ነገር ነበር።

ያ አላህ! ምላሳችንን ብቻ ሳይሆን ጆሯችንንም ከዘረኝነት ጠብቅልን። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!