የሰማ ላልሰማ ከማሰማቱ በፊት

የዩኒቨርሲቲ ጥሪ የወጣ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ይሰበሰባል። ታላቅየው ያነባል፣ እናት በጣቷ ትቆጥራለች፤ የ8ኛ ክፍል ካርድ ዋናውና ኮፒው፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። መጨረሻ ላይ ያለችው ማሳሰቢያ ጋ ሲደርስ የአንባቢው ድምፅ ዝቅ ይላል። ከተጠቀሰው ቀን ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ የሚመጣ ተማሪ አይስተናገድም ትላለች። እናት ይህቺን ስትሰማ "እስቲ ቀኑን ድገምልኝ" ትላለች። ይደገምላታል። ማታ አባት ከሥራ ሲገባ ደግሞ እንደገና ከላይ እስከ ታች ይነበባል።

ልጆቼ፣ ያ ወረቀት አንድም ቃል ሳይዘለል የተነበበላችሁ እናንተ፣ ግቢ ገብታችሁ ስድስት ወር ሳይሞላ የማስታወቂያ ሰሌዳውን በሩጫ የምታልፉ ትሆናላችሁ። እኔ 27 ዓመት በተማሪዎች ማደሪያ ፕሮክተር ሆኜ ኖሬአለሁ። በብሎኩ መግቢያ ያለችው ሰሌዳ ከዓይኔ ተለይታ አታውቅም። የምዝገባ ቀን፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የውኃ መቋረጥ፣ የሚሸጥ ካልኩሌተር፣ የሐዘን መዋጮ፣ የደም ልገሳ፣ ሁሉም እዚያች ላይ ተጠጋግቶ ይለጠፋል። ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ ግን ያስተማረኝ ሰሌዳው ላይ ሳይወጣ የተነገረ አንድ ወሬ ነው።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ሲገባም ሲወጣም "ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ" ሳይለኝ የማያልፍ ጭምት ልጅ። እናቱ አገር ቤት በድንገት ዐረፉ። አጎቱ እዚያው ግቢ ለሚማር ለአንድ የአገሩ ልጅ ደውለው "እኛ ሌሊቱን ተጉዘን ጎሕ ሲቀድ እንደርሳለን፤ እስከዚያ እንዳይሰማ" ብለው አደራ ሰጡት። ያም ልጅ አፉን ይዞ ቆየ፤ ኋላ ግን ነገሩ ቢከብደው ለአንድ ጓደኛው ብቻ ሹክ አለ። ጓደኛው በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ የሻማ ሥዕል ለጠፈ፤ ከሥሩም የልጁን ስም ጠርቶ "ለእናትህ ነፍስ ይማር፣ መጽናናቱን ይስጥህ" ብሎ ጻፈበት።

ሰዓቱ ምሳ ነበር። ልጁ ካፌ ውስጥ ሳህኑ ላይ እንዳቀረቀረ ስልኩ ነዘረ። ጠርተውኝ ስደርስ የጠቀለላት እንጀራ በእጁ እንዳለች ናት፤ ሽሮው በጣቶቹ መካከል ደርቋል። ቀና ብሎ አየኝና "ጋሼ፣ እውነት ነው?" አለኝ። እኔም አልሰማሁም ነበርና የምመልስለት አጣሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተጠይቄአለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ ጥያቄ የለም።

መርዶ በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። ጎሕ ሲቀድ፣ የሚቀርቡት ሰዎች ከበውት፣ አንዱ ጎኑን ሌላው ትከሻውን ይዞት ነው ለሰው የሚነገረው። ጎረቤት አስቀድሞ ሰምቷል፤ ንፍሮው ተጥዷል፣ ወንበሩ ተሰብስቧል። አንዳንዶቻችሁ ይህን እንደ ድብብቆሽ ታዩት ይሆናል። አባቶቻችን ግን ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ሲሉ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት፤ ያን ያህል ሸክም የሚወርድበት ሰው የሚደግፈው እጅ ከጎኑ ሳይኖር እንዳይወርድበት ነው የተጠነቀቁት። ያ ልጅ የእናቱን ሞት የሰማው ሽሮ በሚጨልፉና በሚሳሳቁ ሰዎች መካከል፣ ብቻውን ነው።

የለጠፈው ልጅ ማታ እያለቀሰ ወደ እኔ መጣ። "ጋሼ፣ ሐዘኑን ልካፈለው ብዬ እኮ ነው" አለኝ። አመንሁት፤ ክፉ ልጅ አልነበረም። ጽሑፉንም ወዲያው አጥፍቶት ነበር። ነገር ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማጥፋቱ ልጁን ወደ ምሳው አልመለሰውም። ይህንንም ልናገር፤ በዚያው ግሩፕ ሳይመሽ የመሳፈሪያ ተዋጣ፣ ሦስት ጓደኞቹም አጎቱ በመጡበት መኪና አብረውት ተሳፍረው ቀብር ደርሰው ተመለሱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። እናም ስልኩን አልወቅሰውም። የምወቅሰው ችኮላችንን ነው።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላሉ አበው። መላው ሩቅ አይደለም። ይህ ቃል የማን ነው? ባለቤቱ ሰምቶታል ወይ? ሰዓቱስ ነው ወይ? ይህችን ለመጠየቅ አንድ ትንፋሽ ይበቃል። በድሮው ጊዜ አዋጅ ሲነገር "የሰማህ ላልሰማህ አሰማ" የሚባለው ነጋሪት ተጎስሞ፣ የአዋጁ ባለቤት ታውቆ ነበር። ዛሬ ነጋሪቱ በየሰው ኪስ ውስጥ ገብቷል፤ ባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ አይታወቅም።

በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ አንዱ ቢያዝን ሁሉም ያውቀው ነበር። አሁን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የጂንካ ልጅ ወልድያ ይመደባል፣ የመተማው ዲላ ይሄዳል። እናትና አባት የሁለት ቀን መንገድ ርቀው ሳሉ አጠገቡ ያላችሁት እናንተው ናችሁ፤ ዘመዱም ሽማግሌውም እናንተ ናችሁ።

የፈተናም ወሬ እንደዚሁ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ወቅቱ በደረሰ ቁጥር "ተራዘመ" የሚል ነገር ማን እንደጻፈው ሳይታወቅ ግቢውን ይዞራል። ያን አምኖ ደብተሩን አጥፎ የተኛ ልጅ አይቻለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ሬጅስትራር ቅርብ ነው፤ የትምህርት ክፍሉም ኃላፊ ቢሮ አለው፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ለቢሮ ሰዎችም አንድ ቃል አለኝ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሰኞን ቀጠሮ ለጥፋችሁ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። ቀን የሌለው፣ ፊርማ የሌለው፣ ማኅተሙ የማይነበብ ወረቀት ወሬን ይወልዳል፤ የተወለደውን ወሬ ደግሞ እናንተው ታሳድዱታላችሁ። ጊዜው ያለፈበትንም አንሡ። ያረጀ ወረቀት በበዛበት ሰሌዳ ላይ አዲሱን የሚያይ የለም።

የደም ልገሳውን ወረቀት ብዙ ሰው ሳያነበው ስለሚያልፍ እዚህ ላንብብላችሁ። ዕድሜው 18 የሞላ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ይችላል። የተሰጠው ደም በማቀዝቀዣ ቢቀመጥ ከስድስት ሳምንት አይዘልቅም፤ ስለዚህ ነው ማስታወቂያው ሁልጊዜ እንደ አዲስ የሚለጠፈው።

ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ግቢውን ጥዬ አልቀረሁም፤ በሳምንት አንድ ቀን ጎራ እላለሁ። ትናንት ሳልፍ ሰሌዳዋ ላይ ከደብተር የተገነጠለ ገጽ አየሁ። "መታወቂያዬና የምግብ ካርዴ ከቤተ መጻሕፍት እስከ ካፌ ባለው መንገድ ላይ ወድቆብኛል፤ ያገኘ ለበር ጥበቃ ይስጥልኝ፤ ወሮታውን እከፍላለሁ" ይላል። ጽሑፉ የችኮላ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሙጫው ለቆት ተንጠልጥሏል። በአውራ ጣቴ ተጭኜ መለስሁት። በዚያ መንገድ የምትሄዱ ልጆች፣ እባካችሁ ቆም ብላችሁ መሬቱን እዩልኝ። ልጁ ራቱን የሚበላው በዚያ ካርድ ነው።