በዘንቢል የመጣች አማና



በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሌላውን ጥፋት እያነሳን እንተቻለን። ዛሬ የማነሳው ግን የራሴን ነው። ስለዚህ ቃሌ ቢጠነክርባችሁም ዱላው መጀመሪያ የሚያርፈው በእኔው ጀርባ ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ደላላ አንዲት ሱዳናዊት እህታችንን ከሁለት ልጆቿ ጋር ይዞ ግቢዬ ገባ። ከቤቴ ኋላ ያለችው ሰርቪስ ክፍል ባዶዋን ነበረች። ካርቱም መታመስ ከጀመረች ወዲህ የሱዳን እንግዶች በዝተው ኪራይ ሲወደድ፣ እኔም እንደ ጎረቤቶቼ ዋጋዬን ከፍ አድርጌ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም። ሴትየዋ ዋጋውን ሰምታ አልተከራከረችም። ክፍሏን አየች፣ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠየቀች፣ ራሷን ነቀነቀች። ስምምነታችን አለቀ ስል በክንዷ ያንጠለጠለችው ዘንቢል ተንቀሳቀሰ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት፣ ቂርአት ቤት በተማርኩት ዐረብኛ። (የቂርአት ቤት ዐረብኛ ለኪታብ እንጂ ለኪራይ እንደማይሆን ያን ቀን ገባኝ።)

«ሲምሲም ናት» አለች ትንሿ ልጅ ከእናቷ ቀድማ። ሲምሲም ማለት ሰሊጥ ነው። ከዘንቢሉ ውስጥ የተቆላ ሰሊጥ የምትመስል፣ ጎኗ የገባ ድመት አንገቷን ብቅ አደረገች።

ያን ጊዜ የተናገርኩትን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። «ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ሰዓት ድመት ተሸክሞ ድንበር መሻገር ምን የሚሉት ነው? እናንተ አህለን ወሰህለን፤ እሷን ግን የምታስቀምጡበት ፈልጋችሁ ተመለሱ» አልኩ። ሴትየዋ አልተቆጣችም፣ አልለመነችምም። «ያ ዐሚ፣ አማና ናት» አለችና ዘንቢሏን በቶቧ ጫፍ ሸፍና፣ ልጆቿን አስከትላ ወጣች። ዝናቡ እያካፋ ነበር። ደላላውም እኔን ገላምጦ ተከተላት።

በዚያው ምሽት፣ የጁምዓ ሌሊት ነውና፣ እንደ ልማዴ ሱረቱል ከህፍን ለመቅራት ተቀመጥኩ። ይህን ሱራ ከልጅነቴ ጀምሮ በየሳምንቱ ቀርቼዋለሁ። ታዲያ አሥራ ስምንተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ምላሴ ተያዘ። እነዚያ ወጣቶች እነማን ነበሩ? በሃይማኖታቸው ምክንያት ከሕዝባቸው ሸሽተው፣ ቤት ንብረታቸውን ጥለው ዋሻ የገቡ ስደተኞች አይደሉምን? አብሯቸው የነበረውስ? ውሻቸው ነበር። የፊት እግሮቹን ከዋሻው ደጃፍ ላይ ዘርግቶ ተኝቶ እንደነበር አላህ (ሱ.ወ.) በቃሉ ይነግረናል። ይህ ብቻ አይደለም። ከጥቂት አንቀጾች በኋላ ሰዎች በወጣቶቹ ቁጥር ሲከራከሩ እናገኛቸዋለን፤ ሦስት ናቸው ያለው አራተኛው ውሻቸው ነው ይላል፤ አምስት ያለው ስድስተኛው ውሻቸው ነው ይላል፤ ሰባት ያለውም ስምንተኛው ውሻቸው ነው ይላል። በሰዎቹ ቁጥር ሁሉም ተለያዩ፤ ውሻውን ሳይቆጥር ያለፈ ግን አንድም የለም።

እኔ ደግሞ ከሰዓታት በፊት ከደጃፌ የመጡትን ስደተኞች ስቆጥር ሦስት ብዬ አቆምኩ። አራተኛዋን ወደ ዝናቡ መለስኳት፤ ሦስቱም አብረዋት ሄዱ።

ከፈጅር ሰላት በኋላ ደላላውን ስልክ ደወልኩለት። አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ለአንድ ሌሊት ከፍለው አድረዋል። ይቅርታ ጠይቄ በቀድሞው ኪራይ አስገባኋቸው። ይህን የምጽፈው ልመሰገንበት አይደለም። ዋጋውን ወደ ነበረበት መመለስ ሰደቃ አይባልም።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ታሪኳን ከቡና ሥርዓት ጋር፣ ቁራጭ ቁራጩን፣ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን የሰማነው። ቤታቸው ከካርቱም ሰሜን፣ ባሕሪ ነበር። ጦርነቱ በሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ሲፈነዳ ቀኑ ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ረመዷን ወደ መጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ገብቶ፣ ሰው ለይለቱል ቀድርን በሚፈልግበት ጊዜ ማለት ነው። መብራት ጠፋ፣ ውኃ ተቋረጠ። ዒዱን በተዘጋ መስኮት ውስጥ ዋሉ። ከዒድ በኋላ ባሏ ጀሪካን ይዞ ውኃ ፍለጋ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት በቤት ውስጥ ከቀረችው ውኃ ለድመቷ በሳህን ቀድቶ «አትርሷት» አላት። ድመቷን ከገበያ ያመጣት እሱ ነበር። አልተመለሰም። አሥራ አንድ ቀን ጠበቁት።

«አማና ናት» ያለችኝ ይህን ነው። የመጨረሻ ቃሉ ነው።

ጎረቤታቸው የርግብ ባለቤት ነበር። ሲሰደድ ጎጆዎቹን ሁሉ ከፍቶ፣ የነበረውን የማሽላ ጆንያ ጣሪያ ላይ ዘርግፎ ሄደ። ሌላ ጎረቤት ደግሞ በሩን በሰንሰለት ቆልፎ ወጣ፤ ውሻው ከውስጥ ነበር። ብዙ ቀን ጮኸ። በተኩሱ ምክንያት ማንም መንገዱን ሊሻገር አልደፈረም። ከዚያ ዝም አለ። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይጠበቁ የነበሩ አዞዎች፣ በቀቀኖችና ትላልቅ እንሽላሊቶችም ጠባቂዎቻቸው በውጊያው የተነሳ ሊደርሱላቸው ባለመቻላቸው ያለ ምግብና ያለ ውኃ ተዘግተው መቅረታቸው ያኔ በዜና ማሠራጫዎች ተነግሯል። የሙዚየሙ ሠራተኞች ወደው አላደረጉትም። በሩን በሰንሰለት የቆለፈው ሰው ግን?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) የዘገቡትን የዚያችን ሴት ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በአንዲት ድመት ምክንያት እሳት ስለገባችው ሴት ማለቴ ነው። ብዙዎቻችን ጥፋቷ ድመቷን አለመመገቧ ይመስለናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን የነገሩን ሙሉውን ነው፤ አሰረቻት፣ አልመገበቻትም፣ ከምድር ተባዮች ለቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ሁለት መንገድ ነበራት ማለት ነው። ወይ መመገብ፣ ወይ መልቀቅ። በመስጊዳችን የሚያስተምረውን ኡስታዝ ስጠይቀውም ያለኝ ይህንኑ ነው። ጥይት ሲዘንብ የሰው ነፍስ ይቀድማል፤ ለእንስሳ ብለህ ልጅህን አደጋ ላይ አትጥልም፣ የሰው ወንበርም አታስይዝም። መሸከም ካልቻልክ ለሚጠብቅ ትሰጣለህ፤ የሚጠብቅ ከጠፋ ገመዱን ትፈታለህ፣ በሩን ትከፍታለህ። ቆልፎ መሄድ ግን ከሁለቱም አይደለም። ርግቦቹን የለቀቀው ሰው ዐሊም ይሁን መሃይም አላውቅም፤ ሐዲሱን ግን በጣሪያው ላይ ሠርቶበታል።

እህታችንስ የማንን ወንበር ያዘች? ከባሕሪ እስከ ወድ መደኒ (በታኅሣሥ 2016 ጦርነቱ እዚያም ደርሷል)፣ ከዚያ እስከ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ዘንቢሉ በጭኗ ላይ ነበር። በአንዱ ኬላ ታጣቂ ወርቅ መስሎት ከፈተውና ድመቷ ስታፈጥበት በሣቅ ፈነዳ። በዚያ ጉዞ ሁሉ መሣሪያ የያዘ ሰው ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው ትላለች። በገላባትና በመተማ መካከል ያለችውን አጭር ድልድይ ሲሻገሩ ልጆቹ የራሳቸውን ሻንጣ ይዘው ነበር፤ እሷ ዘንቢሉን።

«ሰው እየሞተ ድመት?» ያልኩት እኔ እንግዲህ በዚያን ሰሞን ለሚሞተው ሰው ምን አድርጌ ነበር? ኪራይ ጨምሬ ነበር! ብዙ ጊዜ እንዲህ የምንለው ሰዎች ለሰውም የሚተርፍ ነገር ስላልሰጠን ይመስለኛል። እኛ ሐበሾች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሶሐቦች ወደ ነጃሺ መሰደዳቸውን ስንተርክ ደረታችን ይነፋል። ነጃሺ ግን እንግዶቹን አሳልፎ አልሰጠም፤ በደላላ ተደራድሮ አስገባቸው የሚል ታሪክም አልሰማሁም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው መዲና ሲገቡ የሆነውን እናስታውስ። አንሳሮች እያንዳንዳቸው «እኛ ዘንድ ይረፉ» እያሉ የግመላቸውን ልጓም ሲይዙ፣ ታዛለችና ተዉአት አሉ። ግመሏ ሄዳ ሄዳ የሁለት የቲሞች በነበረ የቴምር ማስጫ ቦታ ላይ በረከከች። ቦታው ተገዝቶ መስጊዱ እዚያው ተሠራ። የአዲሱ ሕይወት መጀመሪያ ስፍራ የታወቀው እንስሳ በተኛበት ነው።

በእኛ ግቢ ደግሞ አዲሱ ሕይወት የተጀመረው እንዲህ ነው። የሠፈሩ ልጆች ድመቷን ለማየት ይመጡ ጀመር። የኛዎቹ «ውሮ! ውሮ!» ሲሏት ዞር አትልም፤ ሱዳናዊቷ ልጅ ግን ከዲሳ ነው የምትባለው ብላ ትከራከራቸዋለች። በክርክር ነው እንግዲህ አማርኛ የለመደችው። በሁለት ወር ውስጥ በእኔ ዐረብኛ ትስቅ የነበረችው ልጅ በአማርኛ ትስቅብኝ ጀመር። እናቲቱ ኪስራ እየጋገረች ለአገሯ ሰዎች ትሸጣለች። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ድመቷ ዕቃ ትልስብኛለች ብላ ስትሠጋ፣ የአቡ ቀታዳን (ረ.ዐ.) ሐዲስ አነበብኩላት፤ ለውዱእ የተቀዳለትን ውኃ ድመት ልትጠጣ ብትመጣ ዕቃውን አዘንብሎ እንዳጠጣት፣ የልጁ ሚስት ስትደነቅም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በመካከላችን ከሚዞሩት አንዷ እንደሆነች መናገራቸውን እንደገለጸላት የሚተርከውን ማለቴ ነው። ባለቤቴ ሐዲሱን ሰምታ አመነች፤ ድስቷን ግን አሁንም ትከድናለች።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። አውሮፓ ያለው የሴትየዋ ወንድም የጉዞዋን ጉዳይ ጀምሮላታል። ስለ ድመቷ ስንጠይቅ ሕጉ ረጅም ሆኖ አገኘነው። ከእኛ አካባቢ የሚገባ ድመት መለያ ቺፕ ከቆዳው ሥር ይደረግለታል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል፤ ከዚያ ቢያንስ ሠላሳ ቀን ቆይቶ ደሙ ተወስዶ እውቅና ባለው ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ደሙ ከተወሰደ በኋላም ሦስት ወር መጠበቅ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የዩክሬን ሰዎች ድመትና ውሻቸውን አቅፈው ሲሰደዱ የአውሮፓ ኮሚሽን አባል አገሮች ይህን ደንብ እንዲያቀሉላቸው አሳስቦ፣ ብዙዎቹ አቅልተዋል። መልካም አደረጉ፤ አልነቅፋቸውም። የሱዳን ድመት እብድ ውሻ ከነከሳት የዩክሬኗም ያው ናት፤ ሕመሙ ድንበር አያውቅም፤ ስለዚህ ጥንቃቄውንም አልነቅፍም። ግን ልብ ሲፈልግ ደንብ እንደሚላላ ያን ጊዜ አይተናል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ለተፈናቀለባት ለሱዳን ግን የድመቷ ይቅርና የሰዉም ደንብ አልላላም።

ቺፑ ገብቷል፤ ክትባቱም ተሰጥቷል። ባለፈው ሳምንት የእንስሳት ሐኪሙ ደሟን ወሰደ። ማታ ሴትየዋ ሰርቪስ ክፍሏ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ «ያ ዐሚ፣ ቪዛው ከሦስት ወሩ ቀድሞ ቢመጣ አማናዬን ትይዝልኛለህ?» አለችኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ባለቤቴ ከማድ ቤት ወጥታ ዘንቢሉ የት እንደተቀመጠ ጠየቀቻት።