ኢቃማው ሲያልቅ ወንጀሉ የማን ነው?

ቪዛ ቃል ኪዳን ነው ይላሉ አጎቴ። «የሰው ሀገር ስትገቢ ይህን ያህል ጊዜ እቀመጣለሁ፣ ይህን ሥራ እሠራለሁ ብለሽ ፈርመሻል፤ ቀኑ አልፎ ከተቀመጥሽ አላህ ፊት የምትጠየቂበት ወንጀል ነው።» ሱረቱል ማኢዳ ገና ከመጀመሪያ አንቀጹ ውል እንዲሞላ እንደሚያዝም ያስታውሱኛል። እኔ ሪያድ ሰው ቤት ሠርቼ የተመለስኩ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። በከተማችን በቆሼ በርበሬ በየደጁ የሚሰጣበት ወቅት ነበር። ዛላውን ስንቀነጥስ ጣታችን እየተቃጠለ፣ ክርክሩ እስከ ዙህር ዘለቀ።

በአንዱ ነገር ከአጎቴ ጋር ነኝ። በዑምራ ቪዛ የሄደ፣ ሲነሳም ላይመለስ ቆርጦ የተነሳ ሰው ዋሽቷል። ኒያውን አጣሞ ካዕባን መዞር እኔን ያስፈራኛል። ድህነት ነው ያስዋሸው ቢሉኝ ችግሩ ይገባኛል፤ ውሸቱ ግን ውሸት ነው።

የቤት ሠራተኛ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚያሳድሰው ከፊሉ፣ ማለትም ያስመጣት አሠሪ ነው። ክፍያውም፣ አብሸር የሚባለው የመንግሥት መተግበሪያም በእሱ እጅ ነው። የድሮው ኢቃማ ቢያንስ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበት ነበር። ከ1437 ሂጅራ፣ በእኛ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ካርድ ግን አምስት ዓመት ያገለግላል፤ እድሳቱ በየዓመቱ በኮምፒዩተር ስለሚካሄድ የሚያበቃበት ቀን ካርዱ ላይ የለም። ቀኑ ቢነገርሽም በሂጅራ ነበር። ፓስፖርቱ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ እኛ በሀበሻ። የጨረቃው ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር፣ እኔ መስከረምን ይዤ ስቆጥር አንዲት የስልጤ ልጅ «ተይ፣ ሙሐረምን ያዢ» ብላ መከረችኝ።

መዳሟን «ኢቃማዬ ታደሰ ወይ?» ስላት «ባባ ያውቃል» ትላለች። ባባ የምንለው ከፊሌ ደግሞ «ኢንሻአላህ» ይላል። ከዚያ በላይ ብጠይቅ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ፓስፖርቴ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ እሱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ኢቃማዬ ማለፉን የሰማሁት ታምሜ ሐኪም ቤት በሄድኩ ጊዜ፣ ቁጥሬን ያስገባችው ልጅ ቀና ብላ ስታየኝ ነው። እድሳቱን ላዘገየ ለመጀመሪያ ጊዜ 500 ሪያል ቅጣት አለው። ቅጣቱን ከፋዩ አሠሪው ነው፤ ፖሊስ መንገድ ላይ የሚይዘው ግን ሠራተኛዋን ነው። መጋቢት 2013 ዓ.ም. ሳዑዲ ብዙ ሠራተኞች ያለ ከፊላቸው ፈቃድ አሠሪ እንዲቀይሩ ስትፈቅድ፣ የቤት ሠራተኛ አልተካተተችም። እንግዲህ እኔ የትኛውን ቃል ነው ያፈረስኩት? ልሙላው ብልስ በየትኛው እጄ?

አጎቴ ይህን ጊዜ የሁደይቢያን ስምምነት አመጡብኝ። በ628 ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሾች ጋር ሲዋዋሉ፣ ያለ አሳዳጊው ፈቃድ ከመካ ወደ እሳቸው የመጣ ሰው ይመለሳል ተባለ። ወዲያው አቡ ጀንደል በሰንሰለት እንደታሰረ እየተጎተተ ደረሰ። እስልምናን ተቀብሎ ነው ያመለጠው፣ ያሰረውም የገዛ አባቱ ነው። ለውሉ ሲባል ግን ተመለሰ። «እሱ እንኳ ከተመለሰ» አሉ አጎቴ፣ «አንቺ ማን ነሽ?»

ይህ ከባድ ማስረጃ ነው፤ አላቃልለውም። ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አያልቅም። ከዚያ በኋላ ኡሙ ኩልሱም ቢንት ዑቅባ ከመካ ወጥታ መዲና ገባች። ወንድሞቿ ውሉን ይዘው ሊወስዷት ተከትለዋት መጡ። እሷ ግን አልተመለሰችም። የሱረቱል ሙምተሐና አንቀጽ ወርዶ፣ ሸሽተው የመጡ ሴቶች እንዲፈተኑ፣ ምእመናን ሆነው ከተገኙም እንዳይመለሱ አዘዘ።

«እሷ ለዲኗ ነው የሸሸችው፣ አንቺ ለሪያል» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከፊሌም ቁረይሽ አይደለም፣ ከእኔ እኩል የሚሰግድ ሙስሊም ነው። እኔም ሁለቱ አንድ ናቸው አላልኩም። የምለው፣ ውሉ ጸንቶ ሳለ እንኳ ለሸሸች ሴት ከመፍረድ በፊት መጠየቅ ነበረ ነው። ከምን ሸሸሽ? ለምን መጣሽ? ጥያቄው ውሉን አላፈረሰውም።

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ለሕገወጥ ሠራተኞች የሰጠችው የምሕረት ጊዜ አብቅቷል ብላ አፈሳ ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በመካከላቸው በዑምራ ገብቶ የቀረ ነበረ፤ ደመወዟ ተከልክሎ ከሰው ቤት ያመለጠች ነበረች፤ ከፊሉ ኢቃማዋን ሳያሳድስ የተዋትም ነበረች። ማን ለያቸው? የሁሉም ስም «ሕገወጥ» ሆነ። አሠሪ «ጠፋች» ብሎ ሁሩብ ካስመዘገበ ከዚያ በኋላ የእሷን ቃል የሚሰማ ማግኘት ከባድ ነው። የሚያሳዝነኝ ግን እኛም ቡታጅራ መናኸሪያ ላይ ከሻንጣዋ ጋር ስትወርድ በዚያው ስም መጥራታችን ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ እያወቀ፣ ማሳደስም መውጣትም እየቻለ የተቀመጠ ወንጀሉ የራሱ ነው። ማሳደሱም መውጣቱም በሌላ ሰው እጅ የሆነባት ሴት ግን ቃል አላፈረሰችም፤ ያፈረሰው ፓስፖርቷን የቆለፈው ነው። አጎቴ ግማሹን ተቀብለው ግማሹን «ኡስታዝ እንጠይቅ» ብለው አቆዩት።

እንግዲህ የቆሼና የቡታጅራ ኡስታዞች፣ እባካችሁ፣ በኹጥባችሁ ስለ ውል ስታነሱ ከሠራተኛዋ አትጀምሩ። ያልሆነ ደመወዝ ነግሮ ከሚልካት ደላላ ጀምሩ፣ መሳቢያውን ወደሚቆልፈው ከፊል ሂዱ፣ እሷን በመጨረሻ ጠይቋት።