ከኋላ የሚቀረው ማነው?



ጉለሌ ውስጥ ተሰባስበው ሳይክል የሚነዱ ወጣቶች ለጎዳና ውድድር እየተዘጋጁ ነው። አንዱ በዚህ ሳምንት ጠየቀኝ፦ «ኡስታዝ፣ ዳገቱ ላይ ሁልጊዜ የሚቀርብን ልጅ አለ። ውድድሩ ደርሷል። እንጠብቀው ወይስ ጥለነው እንሂድ?» ጥያቄው የሳይክል ብቻ አልመሰለኝም፤ ስለዚህ ለሁላችሁም ላካፍላችሁ።

መንገዱን የሰፈሩ ልጆች ታውቁታላችሁ። ከአዲሱ ገበያ የጎጃምን መንገድ ይዞ፣ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ይወርዳል። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ስስ ነው። ዳገት ላይ ፍጥነት ስለሚቀንስ ከሰው ኋላ መጠጋት ብዙም አይጠቅምም፣ እያንዳንዱ የራሱን ክብደት ራሱ ይሸከማል። ቡድን የሚበተነውም እዚያ ነው። ሜዳው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ነፋስ አለ፤ በፍጥነት ሲነዳ ከፊት ካለው ጎማ የተጠጋ ሰው ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። እንግዲህ አስቡት! ያን ልጅ ጫፉ ላይ ጥላችሁት ከሄዳችሁ፣ የተለያችሁት ጀማዓ በጣም በሚያስፈልገው ቦታ ላይ ነው። እናንተ ነፋሱን እየተፈራረቃችሁ ትካፈሉታላችሁ፤ እሱ ደክሞ ሳለ ብቻውን ይጋፈጠዋል።

«እንጠብቀዋለን እኮ» የምትሉ አላችሁ። እስኪ አጠባበቃችሁን እዩት። አስር ደቂቃ ቆማችሁ ውሃ ጠጥታችሁ፣ ሙዝ በልታችሁ፣ ፎቶ ተነስታችሁ፣ እሱ እያለከለከ ሲደርስ «በል እንሂድ!» ብላችሁ ትነሳላችሁ። ያረፈው ጠንካራው ነው። ይህን እኔ መጠበቅ አልለውም።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ የት ነበሩ? ጃቢር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስ እንደሚነግረን፣ ወደኋላ ይቀሩ ነበር። የደከመውን ያበረታታሉ፣ ከኋላቸው ያፈናጥጣሉ፣ ዱዓ ያደርጉላቸዋል። መሪ ሆነው ሳለ! ጃቢር ይህን በራሳቸው አይተውታል። ግመላቸው ደክሞ ከሰው በቀሩ ጊዜ የደረሱላቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነበሩ፤ ታሪኩ ቡኻሪና ሙስሊም ውስጥ አለ። ዑስማን ኢብኑ አቢል ዓስም (ረ.ዐ) የሕዝባቸው ኢማም ሲሆኑ፣ የደካማውን አቅም አይተው እንዲያሰግዱ ታዘዋል።

ታዲያ ጠንካራው አይጠንክር? እንዲህ አላልኩም። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) እንደነገሩን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፈረሶችን ሲያወዳድሩ፣ ለውድድር ተቀልበው የተዘጋጁት ከሐፍያእ እስከ ሰኒየቱል ወዳዕ ይሮጡ ነበር፤ አምስት ወይም ስድስት ማይል ነው። ያልተዘጋጁት ደግሞ ከሰኒየቱል ወዳዕ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ፣ አንድ ማይል ያህል ብቻ። ለየአቅሙ ርቀት ተለየለት፤ ማንም ግን ከውድድሩ አልተባረረም። ስለዚህ በሳምንቱ መካከል ጠንካሮቹ ለብቻችሁ እስኪበቃችሁ ንዱ። እሁድ ግን «አብረን እንውጣ» ብላችሁ ከጠራችሁት ቃል ገብታችኋል። ስትራቫ ላይ አማካይ ፍጥነታችሁ ቢቀንስ ምን ይሆናል? መላኢኮች የሚመዘግቡት በሌላ መዝገብ ነው።

ለምትቀረው ወንድሜም ቃል አለኝ። አቅምህን አትደብቅ፤ እየደከመህ «ደህና ነኝ» አትበል። ሜዳው ላይ ደግሞ ሰላሳ ሰከንድም ቢሆን ተራህን ከፊት ውጣ። ሙሉውን መንገድ በሰው ጎማ ተጠልሎ መጨረሻ ላይ ፈትልኮ መውጣት በውድድር ዘዴ ሊሆን ይችላል፣ በጓደኞችህ ላይ ግን አያምርም።

ከፊት የሚነዳውም አማና ተሸክሟል። ከኋላው ያለው ጎማውን እንጂ ጉድጓዱን አያይም፤ እጁን ዘርግቶ ካላሳየ የሚወድቀው ሌላ ሰው ነው። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማስወገድ የኢማን ቅርንጫፍ መሆኑን ታውቃላችሁ። በሽሮ ሜዳ በኩል ስትወርዱማ ይበልጥ ተጠንቀቁ፦ እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ እናቶች አሉ፣ ሸክሙ ጎንበስ ስላደረጋቸው መምጣታችሁን አያዩም። ፍሬን መያዝ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈውን የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይን ታውቁት ይሆናል። በቡድኖቹ ውስጥ የነበረው ሥራ በአብዛኛው ለሌላው መድከም ነበር፤ የዓለም ትልልቅ ቡድኖች ለዚህ ሥራ ደመወዝ ይከፍላሉ። እናንተ ደግሞ በኒያችሁ አጅር ልታገኙበት ትችላላችሁ፤ ቪዲዮ ቀርጻችሁ «ጓደኛችንን ስንጠብቅ» ብላችሁ እስካልለጠፋችሁት ድረስ።

እሁድ ሱብሂን በጀማዓ ሰግዳችሁ ውጡ። የዕለቱ ከኋላ ቀሪ ማን እንደሆነ እዚያው መስጂዱ በር ላይ ተነጋገሩ፤ በየሳምንቱ በተራ ይሁን፣ ከጠንካሮቹም ይጀምር። ጫፉ ላይ የመጨረሻው ሰው ሲደርስ፣ እሱ ውሃውን ጠጥቶ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ ማንም ሳይክሉ ላይ አይውጣ።

ጁምዓ ሙባረክ። ሱረቱል ካህፍንና ሰለዋትን አትርሱ።